የአክስቴ ታክስ ኮድ

በብሪታንያ ጡረታ የወጣ ሰው ቤት፣ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በበሩ የደብዳቤ ቀዳዳ አንድ ቡናማ ፖስታ ይገባል። ላኪው ሁሉም ሰው በአጭሩ ኤችኤምአርሲ የሚለው የገቢዎችና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት ነው። ወረቀቱ ከኤፕሪል ጀምሮ ከጡረታው ላይ ስለሚቆረጠው ግብር ይናገራል፤ ግን እንዲህ ያህል ብር ይቆረጥብሃል ብሎ አይናገርም። የሚሰጠው ጥቂት አኃዝና አንድ ሁለት ፊደል ነው፦ 1257ኤል፣ 231ኤል፣ ቢአር፣ ኬ142። ታክስ ኮድ ይሉታል።

ሰሜን ለንደን ውስጥ በእንግድነት ባረፍኩበት በአክስቴ ቤት ፖስታው የገባው በጥር መጨረሻ ነበር። አንስታ ከማይክሮዌቩ በላይ፣ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ደረበችው። አልከፈተችውም። አክስቴ በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥታ እዚህ የደረሰች፣ የሥራ ዘመኗን ካውንስል በሚሉት የአካባቢ አስተዳደር ሥር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የጨረሰች ሴት ናት። ሂሳብ የሚከብዳት ሰው አይደለችም። ለስንት ልጅ ስንት ኪሎ ድንች እንደሚበቃ ዛሬም በቃሏ ትናገራለች፤ የማኅበሯን ዕቁብ ለዓመታት የጻፈችውም እሷ ናት። ቡናማውን ፖስታ ግን ትፈራዋለች። በዚያ ሰሞን ያገኘኋቸው የእሷ ዕድሜ እኩዮች ሁሉ ይፈሩታል።

«እትዬ፣ ልክፈተው?» አልኳት።

«ክፈተው እስቲ። እኔማ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ካውንስሉ የሚሰጠኝ በወር አምስት መቶ ፓውንድ ናት። ከእሷ ላይ ስልሳ አንድ ፓውንድ ተኩል ይቆርጡብኛል። ከስቴት ፔንሽኑ ግን አምስት ሳንቲም አይነኩም። እንግዲህ ካውንስሉ ምን አድርጌው ነው?»

ጥያቄዋ የነገሩ ቁልፍ ነው። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ጡረታ፣ ስቴት ፔንሽን የሚሉት፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው። ይሁንና ከፋዩ የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር ግብር ቆርጦ አያስቀርም። በየአራት ሳምንቱ ሙሉውን ባንክ ያስገባል። ታዲያ በዚህ ጡረታ ላይ የሚፈለገው ግብር የት ይሄዳል? ሌላ ጡረታ ካለ እዚያ ላይ ይጫናል። ጫኙ ደግሞ ኮዱ ነው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አየነው። ከላይ የግል ነፃ ገቢ 12,570 ፓውንድ ይላል፤ አብዛኛው ሰው በዓመት ግብር ሳይከፍል የሚያገኘው መጠን ነው። ከሥሩ የመቀነስ ምልክት አለና ስቴት ፔንሽን ይላል፤ ለሚመጣው ዓመት የእሷ ወደ 10,755 ፓውንድ ተገምቷል። ከ12,570 ላይ 10,755 ሲነሣ 1,815 ይቀራል። የመጨረሻዋ አኃዝ ትጣላለች፤ 181። ከጎኗ ኤል ትቀመጣለች፤ መደበኛውን ነፃ ገቢ የሚያገኝ ሰው ምልክት ናት። 181ኤል። ለካውንስሉ የጡረታ ክፍል የሚደርሰው ይኸው ብቻ ነው። ስቴት ፔንሽኗ ስንት እንደሆነ፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አይነገረውም። «ከዚህች ሴትዮ ጡረታ በዓመት ወደ 1,815 ፓውንዱን እለፍ፤ የቀረውን ቁረጥ» የሚል ትእዛዝ ነው የሚቀበለው። እሱም ይቆርጣል፤ ከመቶ ሃያ።

አክስቴ ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ «ይኸ እኮ እንደ አንድ እንጀራ ነው» አለች። «ስቴት ፔንሽኑ ቀድሞ ቆርሶ ይበላና ለካውንስሉ ጠርዟን ያተርፍለታል።»

ልክ ናት። እኔም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ካለፈው ዓመት ወረቀት ጋር ስናስተያየው ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። የአምናው ኮድ 231ኤል ነበር። ስቴት ፔንሽኗ ያኔ 10,260 ገደማ ስለነበረ የተረፈው 2,310 ነው። ዘንድሮ ስቴት ፔንሽኑ በዓመት 495 ፓውንድ ያህል ሊጨመርላት ነው። ነፃው ገቢ ግን ባለበት ቆሟል። ስለዚህ ጭማሪው ሲገባ የእንጀራዋ ጠርዝ ያንኑ ያህል ጠበበች። የካውንስሉም ጡረታ በ3.8 ከመቶ ያድጋልና 500 የነበረችው 519 ትሆናለች። የሚቆረጠው ግን ከ61 ፓውንድ ከ50 ወደ 73 ፓውንድ ከ50 ገደማ ይወጣል። አክስቴ የካውንስሉን ፔይስሊፕ ብቻ ብታይ 19 ፓውንድ ተጨምሮ 12ቱ ተመልሶ የተወሰደባት ይመስላታል፤ ተዘረፍኩ ብትል ማን ይፈርድባታል? ሁለቱን ጡረታ አንድ ላይ ስናሰላው ግን ጭማሪው በወር 60 ፓውንድ ነው፤ ከ60ው 12 ማለት ከመቶ ሃያ ነው። ሕጉ የሚለው ልክ ይህን ነው። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚታየው ግን በተሳሳተ ቦታ ነው።

ይህን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ታዲያ ይህንን ከፔንሽኑ ጋር አንድ ላይ ጽፈው ቢልኩልኝ ምን ነበረበት?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ከልቤ የማምነው ግን የሰባ ዓመት ሰው የሁለት ከፋዮችን ደብዳቤ አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ እንዲደምርና እንዲቀንስ የሚጠብቅ አሠራር፣ ሊሸከም የሚገባውን ሥራ ለአዛውንቱ እንደተወ ነው።

አሠራሩ የቆየ ነው። ብሪታንያ ከደመወዝና ከጡረታ ላይ ግብርን በየክፍያው የምትቆርጥበት ፒኤዋይኢ የሚባለው ሥርዓት ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1944 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የገቢ ግብር የሚመለከተው ወደ 4 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ከ12 ሚሊዮን በልጧል። ለዚህ ሁሉ ሠራተኛ በዓመት ሁለቴ የግብር መጠየቂያ ልኮ መሰብሰብ አልተቻለም። ዕቅዱን ለፓርላማ እንዲያቀርብ ቀጠሮ የተያዘለት የገንዘብ ሚኒስትሩ ኪንግስሊ ውድ ነበር፤ በሴፕቴምበር 21 ቀን 1943፣ ሊያቀርበው በነበረበት በዚያው ዕለት ሞተ። ሥርዓቱ ግን ቀጠለ። ብልሃቱ አሠሪው የሠራተኛውን የግል ጉዳይ ሳያውቅ ትክክለኛውን ግብር እንዲቆርጥ ማድረግ ነው፤ ማን አገባ፣ ማን ሌላ ገቢ አለው፣ ማን ዕዳ አለበት የሚለው ሁሉ በአንድ ቁጥር ተሸፍኖ ይደርሰዋል። ይህ መሸፈን ለሠራተኛው ክብር ነው። አለቃው ጓዳውን አያይም። ለጡረተኛው ግን ያው መሸፈን ጭለማ ይሆንበታል፤ ምክንያቱም የሠራተኛ ገቢ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በር ሲመጣ የጡረተኛው ከሁለትና ከሦስት በር ነው የሚመጣው።

የግብሩ ዓመት ኤፕሪል 6 ቀን መጀመሩ ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ነገር አለው። ቀኑ በእኛ መጋቢት 28 ነው። በማግሥቱ፣ መጋቢት 29፣ ቤተ ክርስቲያናችን የጌታን ፅንሰት ታስባለች። ሁለቱ ቀኖች እንዲህ የተጠጉት በአጋጣሚ አይደለም። እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ይመሩ ነበር፤ የሕግ ዓመታቸው የሚጀምረውም በማርች 25፣ መልአኩ እመቤታችንን ባበሠረበት ቀን ነበር። በ1752 ወደ ጎርጎርዮሱ ሲዞሩ 11 ቀን ዘለሉ። ኪራዩም ግብሩም በ11 ቀን እንዳይጎድል የሂሳቡ ዓመት ወደፊት ተገፋ፤ ቆይቶም ኤፕሪል 6 ላይ ረጋ። እኛ ቀን አልዘለልንም። ስለዚህ የእነሱ ግብር ሰብሳቢ ዓመቱን የሚከፍተው የብሥራት በዓል በአሮጌው አቆጣጠር ይውልበት በነበረው አካባቢ ነው፤ የእኛ ካህናት ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በዓሉን ያከብራሉ። ይህን ለአክስቴ ስነግራት ቀኑን ለማስታወስ ከእንግዲህ ካላንደር እንደማያስፈልጋት ነገረችኝ።

የኮዱ ፊደላት የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ቢአር ማለት ነፃ ገቢ የለም፣ ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ጀምሮ ከመቶ ሃያ ቁረጥ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ጡረታ ይሰጣል። ዲ0 ከመቶ አርባ ነው። ከፊት ኤስ ካለ ባለቤቱ ስኮትላንድ ነዋሪ ነው፤ እዚያ የገቢ ግብሩ እርከን ይለያል። ሲ ካለ ዌልስ ነው። ኤም ያለበት ከትዳር ጓደኛው የነፃ ገቢ ቁራጭ፣ 1,260 ፓውንድ፣ የተላለፈለት ሰው ነው፤ በዓመት እስከ 252 ፓውንድ ግብር ያድናል። ሰጪዋ ወይም ሰጪው ኤን ይሆናሉ። ባልና ሚስት ሆነው አንዳቸው ከ12,570 በታች ገቢ ያላቸው አበሾች ለንደን ውስጥ ጥቂት አይደሉም። የሚጠይቁት ግን ጥቂት ናቸው። ድሮ ደግሞ ለአዛውንት ብቻ የሚሰጡ ፒ እና ዋይ የሚባሉ ፊደላት ነበሩ፤ ዕድሜው ከ65 ያለፈ ሰው ከወጣቱ የበለጠ ነፃ ገቢ ነበረው። ያ ልዩ መብት ከ2013 ጀምሮ ለአዲስ አዛውንት ተዘጋ፤ ለቀሩትም መደበኛው ነፃ ገቢ ሲደርስባቸው በ2016 አበቃ፤ ፊደላቱም አብረው ጠፉ።

አስቸጋሪዋ ፊደል ኬ ናት። ከአክስቴ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ጃማይካዊ አዛውንት አሉ። በወጣትነታቸው መጥተው በባቡር ሥራ ያረጁ ናቸው። በአሮጌው ሕግ ጡረታ ስለወጡ ከመሠረታዊው በላይ ከደመወዛቸው ጋር የተያያዘ ተጨማሪ አላቸው፤ ስቴት ፔንሽናቸው በዓመት 14,000 ፓውንድ ይደርሳል። ከነፃው ገቢ በ1,430 ይበልጣል። ስለዚህ የሥራ ጡረታቸው ነፃ የሚሆን ነገር አያገኝም፤ ይባስ ብሎ ያላገኙት 1,430 ፓውንድ ተጨምሮበት ይታሰባል። ኮዳቸው ኬ142 ነው። ኬ ከፊት ሲመጣ ኮዱ የሚቀነስ መሆኑ ቀርቶ የሚደመር ይሆናል። ሽማግሌው የወረቀቱን ጀርባ እያሳዩኝ፣ «ያልከፈለኝን ገንዘብ ከፍሎኛል ብሎ ይቀርጠኛል» አሉ። ኬ ያለበት ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር ገደብ መኖሩን ነው፤ በኬ ኮድ የሚቆረጠው ግብር ከዚያ ጡረታ ክፍያ ከግማሹ ሊበልጥ አይችልም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሻይ እየተጠጣ ሳለ ወሬው ወደዚሁ ዞረ። አንድ የቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው፣ ከግል ጡረታ ቁጠባቸው በመከር 20,000 ፓውንድ አውጥተው ነበር። ከ2015 ጀምሮ ዕድሜው 55 የሞላው ሰው ከተጠራቀመለት ላይ እንደፈለገ እንዲያወጣ ተፈቅዷል፤ ሩቡ ብዙውን ጊዜ ከግብር ነፃ ነው። ሰውየው 5,000ው ነፃ፣ 15,000ው ግብር የሚከፈልበት መሆኑን አውቀዋል። ከመቶ ሃያ ቢቆረጥ ወደ 3,000 ነው ብለው አስልተው ለልጃቸው ሠርግ የቀረውን ቃል ገብተዋል። ባንክ የገባላቸው ግን 14,870 ገደማ ነው። ከ5,100 ፓውንድ በላይ ተቆርጧል።

«የሰረቀኝ የለም ወይ?» ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ። ኮዱ 1257ኤል ኤም1 ይላል። ነገሩ ያለው በዚያች ኤም1 ላይ ነው። ጡረታ ከፋዩ ድርጅት ለእኚህ ሰው የተላከ ኮድ ስላልነበረው ጊዜያዊውን ይጠቀማል፤ ጊዜያዊው ኮድ ደግሞ እያንዳንዱን ክፍያ ለብቻው የቆመ የወር ገቢ አድርጎ ይቆጥረዋል። በአንድ ወር 15,000 ያገኘ ሰው በዓመት 180,000 የሚያገኝ ተደርጎ ይታሰባል ማለት ነው። ከነፃው ገቢ የአሥራ ሁለተኛ ድርሻውን ብቻ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ከመቶ ሃያ፣ ከመቶ አርባ፣ ጫፉ ላይ ከመቶ አርባ አምስት ይቆርጣል። እኚህ ሰው ሙሉ ስቴት ፔንሽናቸውን፣ በዓመት 11,973 ፓውንድ፣ ጨምረን ብናሰላው እንኳ በእውነት የሚፈለግባቸው 2,880 ገደማ ነበር። ከ2,200 በላይ ያለ አግባብ ቀድሞ ተወስዷል። የሰረቀ የለም፤ ገንዘቡም ይመለሳል። ግን ዓመቱ እስኪያልቅ ዝም ብለው ከጠበቁ ብዙ ይቆያል፤ ፒ55 የሚባለውን ቅጽ ሞልተው ከላኩ ደግሞ ይፈጥናል። ቅጹ ሦስት ዓይነት ነው፤ ከቁጠባው ከፊሉን ብቻ ላወጣና ቋሚ ክፍያ ለማይወስድ ፒ55፣ ሁሉንም ላወጣና ሌላ ገቢ ላለው ፒ53ዜድ፣ ሁሉንም አውጥቶ ሌላ ገቢ ለሌለው ፒ50ዜድ።

ሰውየውን ያስቆጣቸው የገንዘቡ መዘግየት ብቻ አልነበረም። አርባ ዓመት ያህል ግብር ሲከፍሉ ኖረው በመጨረሻ ላይ ማንነታቸውን እንደማያውቅ ሰው መታየታቸው ነው። ስሜታቸው ልክ ነው። የምመክረው ግን አንድ ነገር አለ፤ ገንዘብ በብዛት ከማውጣት በፊት መጀመሪያ ጥቂት መቶ ፓውንድ ብቻ ማውጣት። ያን ጊዜ ትክክለኛው ኮድ ለድርጅቱ ይላካል፤ ቀጥሎ የሚወጣው ትልቁ ገንዘብ በእሱ ይታሰባል። በለንደን ጡረታቸው የቀረበ ወገኖቻችን ይህን ከወዲሁ ቢያውቁት ስንት ጭንቀት ይቀር ነበር።

ሁሉንም የሚያገናኘው ጉዳይ ግን ያ የማይነቃነቅ 12,570 ነው። ቁጥሩ እዚህ ላይ የደረሰው በኤፕሪል 2021 ነው። መጀመሪያ እስከ 2026 እንዲቆም ተባለ፤ ቀጥሎ እስከ 2028 ተራዘመ፤ በኖቬምበር 2025 የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ እስከ 2031 ገፉት። ስቴት ፔንሽኑ በበኩሉ በየዓመቱ ያድጋል፤ በደመወዝ ዕድገት፣ በኑሮ ውድነት ወይም በ2.5 ከመቶ፣ ከሦስቱ በሚበልጠው። አንዱ ቆሞ ሌላው ሲሄድ መገናኘታቸው አይቀርም። በ2021 ሙሉው አዲሱ ስቴት ፔንሽን በሳምንት 179 ፓውንድ ከ60 ነበር፤ በዓመት 9,339። ከነፃው ገቢ በታች ከ3,200 ፓውንድ በላይ ክፍተት ነበረው። በኤፕሪል 2026 በሳምንት 241 ፓውንድ ከ30 ይሆናል፤ በዓመት 12,548 ገደማ። ክፍተቱ 22 ፓውንድ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያልፈዋል። 22 ፓውንድ ለንደን ውስጥ ለሁለት ሰው ምሳ አይበቃም።

መንግሥት ስቴት ፔንሽን ብቻ ያለው ሰው በዚህ ምክንያት ለትንሽ ግብር ደብዳቤ እንዳይላክበት አደርጋለሁ ብሏል፤ መልካም ነው። ቃሉ ግን ሌላ ገቢ የሌለውን ብቻ የሚመለከት ነው። እንደ አክስቴ ያለች፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ከደመወዟ እየተቆረጠ በወር አምስት መቶ ፓውንድ ጡረታ ያፈራች ሴት ከዚያ ውጭ ናት። ለነገ ብላ ትንሽ የቆጠበችውን ከምንም ካልቆጠበ ሰው ይልቅ የሚነካ አሠራር ልክ ነው ብዬ አላምንም። ነፃው ገቢ ከዋጋው ጋር አብሮ ቢራመድ ኖሮ ኮዷ ባለበት ገደማ ይቆይ ነበር። አሁን ግን ማንም ሰው «ግብር ጨመርኩ» ሳይል ግብሯ ይጨምራል፤ 231 የነበረው 181 ሆነ ተብሎ።

አዳራሹ ውስጥ ሌላም ጥያቄ ተነሣ፤ አገር ቤት ገብቶ ስለ መኖር። ሁለት ሰዎች አዲስ አበባ ቤት ሠርተዋል፤ ጡረታቸውን እዚያ ሆነው ሊበሉ ያስባሉ። ስቴት ፔንሽኑ ኢትዮጵያም ይላካል። ዓመታዊው ጭማሪ ግን የሚሰጠው በብሪታንያ፣ በአውሮፓ አገሮችና ስምምነት ባላቸው ጥቂት አገሮች ለሚኖሩ ነው፤ ኢትዮጵያ ከእነሱ መካከል የለችም። ወደ አገር የገባ ሰው በገባበት መጠን ላይ ይቆማል። በ241 የገባ፣ አሥር ዓመት ቢኖር፣ 241 ነው የሚቀበለው። ተመልሶ ብሪታንያ ሲኖር ይስተካከልለታል። ይህን ሳያውቅ ሻንጣ የሚያስር ሰው እንዳይኖር ከሁሉ በፊት ይነገረው። በአገር ቤት ከመምህርነት ጡረታ የወጣው አባቴ በየወሩ ባንክ ሄዶ አበሉን ይቀበላል፤ ሠራተኛውና አሠሪው እያዋጡ የቆዩላት ናት። ኮድ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። የእሱ ጭንቀት ሌላ ነው፤ አበሏ ጤፍ አለመግዛቷ።

እኔና አክስቴ ከማይክሮዌቩ ላይ ያሉትን ፖስታዎች ሁሉ ከከፈትን በኋላ ሌሎችም የራሳቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። በሚቀጥለው እሑድ አንዲት እናት ከረጢት ሙሉ ወረቀት ይዘው መጡ። ባላቸው ሞተው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ለብዙ ዓመት በጽዳት የሠሩ ሴት ናቸው። የመዋጮ ዓመታቸው ከ35 ስለሚያንስ ስቴት ፔንሽናቸው ሙሉ አይደለም፤ በዓመት 8,000 ገደማ ነው። ሌላ 3,000 ፓውንድ ከአንድ ሥራቸው ያገኛሉ። ሁለቱ ተደምሮ 11,000፤ ከነፃው ገቢ በታች። አንዲት ፓውንድ ግብር አይገባቸውም። የትንሿ ጡረታ ኮድ ግን ቢአር ነበር። ከሦስት ሺህዋ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከመቶ ሃያ፣ 600 ፓውንድ፣ ተቆርጧል።

ከወረቀቶቹ መካከል ፒ800 የሚባለው ነበረ፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ግብር ሰብሳቢው የተቆረጠውን ከሚገባው ጋር አስተያይቶ የሚልከው ሂሳብ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ 600 ፓውንድ ይመለስልዎታል ይላል። ድሮ ገንዘቡ ሳይጠየቅ በቼክ ይመጣ ነበር። ከ2024 ወዲህ ግን ባለመብቱ ራሱ ካልጠየቀ አይላክም። ፖስታው እንደታሸገ ለወራት ቆይቷል። አጠገቡ ደግሞ ሌላ ያልተከፈተ ፖስታ ነበር፤ ለሚመጣው ዓመት የተስተካከለ ኮድ፣ 457ኤል፣ 8,000ው ተነሥቶ የተረፈው ነፃ ገቢ።

ሴትዮዋ ስልክ ላይ እንግሊዝኛ መናገር ያስፈራቸዋል። የልጅ ልጃቸው፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ስልኩን አወጣና በእሳቸው ስም መለያ አስከፍቶ፣ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራቸውንና የባንክ ሒሳባቸውን እያስነበበ አዳራሹ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጥያቄውን አስገባ። እኔ ደግሞ የቀደሙትን ዓመታት ፒ60 ወረቀቶች፣ በዓመቱ የተከፈለውንና የተቆረጠውን የሚያሳዩትን፣ በየዓመታቸው ደረደርኩ፤ ያለ አግባብ የተቆረጠ ግብር እስከ አራት ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ይጠየቃል፤ የመጀመሪያው ዓመት ደግሞ በኤፕሪል 5 ጊዜው ያልፍበታል። ለተቀሩት ደብዳቤ መጻፍ ነበረብን። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ አዛውንትን በነፃ የሚያግዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ ሰኞ ጠዋት እንዲደውሉለት አክስቴ ቁጥሩን በትልቅ ፊደል ጽፋ ሰጠቻቸው፤ ሲደውሉም ራሷ አብራቸው ልትሆን ቀጠሮ ያዘች።